ያልተተኮሱት ሸሚዞች

ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባችን ላይ ስለ «የእረፍት ቀን» ትርኢት በዚህ መጽሔት አንድ ነገር ይውጣ የሚል ጥያቄ ሲቀርብ፥ መውጣቱን ሁሉም ተስማማበት፤ ማን ይጻፈው በሚለው ላይ ግን አንድ ሰዓት ከሩብ ክርክር ሆነ። ባለ ትርኢቱ ጓደኛችን «እኔ አልጽፍም» አለ። ገንዘብ ያዡ ይጻፈው ቢባል፥ የሚጽፈው ስለ ገንዘቡ ብቻ ይሆናል ተብሎ ተፈራ። በመጨረሻ «እኛ» እየተባለ ይጻፍ ተብሎ ተወሰነ። እውነትም ሸሚዙን በየመኝታ ቤቱ የለመንነው፥ አዳራሹን የተከራየነው፥ ሌሊቱን ዘብ እንቆማለን ብለን የተኛነው፥ ሴቶቹንም በየስልካቸው የጠራነው እኛ ነን። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር፥ ሰዓቱን በሀገራችን አቆጣጠር እንጽፋለን።

ጓደኛችን የሥዕል ተማሪ ነው። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን ብሩሽ ሲነካ አይተነው አናውቅም። ሸራውን ትቶ የያዘው ፈረንጆች ፐርፎርማንስ የሚሉትን ነው፤ ይኸውም ባለሙያው በተመልካች ፊት በገዛ አካሉ አንድ ድርጊት ይፈጽማል፥ ድርጊቱ ራሱም የኪነ ጥበቡ ሥራ ይሆናል። እንደ ቴአትር ሌላ ሰው መስሎ መጫወት የለበትም። ቢርበው የሚርበው እርሱ ነው፤ ቢደክመውም የሚደክመው እርሱ ነው። «ይህ ከሥራ ፈትነት በምን ይለያል?» ብሎ የጠየቀ አባል አለን፤ ስሙን አንጠቅስም፤ ዛሬም ያንኑ ይጠይቃል።

እራት ላይ ስንቀመጥ ጓደኛችን የሚያወራልን ስለ አንድ ሰው ነበር፤ ተችንግ ሽዬ ይባላል። በ1950 በታይዋን ተወለደ፤ በ1974 መርከበኛ ሆኖ አሜሪካ ሲደርስ ከመርከቡ ጠፍቶ ቀረ፤ በ1988 ምሕረት እስኪያገኝ ድረስ 14 ዓመት ያለ መኖሪያ ወረቀት ኖረ። ይህ ሰው ከኤፕሪል 1980 እስከ ኤፕሪል 1981 አንድ ዓመት ሙሉ፥ የፋብሪካ ሠራተኞች ሲገቡና ሲወጡ ካርዳቸውን የሚመቱበትን የሰዓት ማሽን በየሰዓቱ ሲመታ ኖረ፤ ቀንም ሌሊትም። 8,760 ጊዜ መምታት ሲኖርበት 133 ጊዜ ሳተ፤ አብዛኛውን እንቅልፍ ጥሎት። ጓደኛችንን የማረከው ታዲያ የተመቱት ሰዓቶች ብዛት አልነበረም፤ ሰውዬው የሳታቸውን 133ቱን በምክንያት በምክንያታቸው ለይቶ፥ ቆጥሮ፥ ከሥራው ጋር አብሮ ማቅረቡ ነበር። «ያልደበቀ ሰው ነው» ይለናል፤ እኛም ምስሩን እየበላን እንሰማዋለን።

ከመካከላችን የደብተራ ልጅ የሆነ አንድ አባል፥ «በእኛ አገር ለበዓል ሌሊቱን ሙሉ በማኅሌት ቆሞ ማደር ብርቅ አይደለም፤ ግን እነርሱ መቋሚያ አላቸው። አንተስ በምን ትደገፋለህ?» አለው። ሳቅን። ጓደኛችን አልሳቀም፤ «በእናንተ» አለ።

አሳቡ ይህ ነበር። ከቅዳሜ ቀን 6 ሰዓት እስከ እሑድ ቀን 6 ሰዓት፥ 24 ሰዓት ሙሉ፥ ሳይናገርና ሳይቀመጥ 365 ነጭ ሸሚዝ ይተኩሳል፤ ለዓመቱ ቀን ሁሉ አንድ ሸሚዝ መሆኑ ነው። በየሰዓቱ እኛ ደወል እንደውላለን፥ በወረቀትም ላይ እንመዘግባለን። የተተኮሰው ሸሚዝ ቁጥር ተለጥፎበት በገመድ ይሰቀላል፤ እሑድ ቀትር ላይ አዳራሹ በነጭ ሸሚዝ ተሞልቶ መተላለፊያ እስኪጠፋ ድረስ። የትርኢቱም ስም «የእረፍት ቀን»። ሥራው የሚነገረው በዚህች በቤሩት ከተማ በየሰው ቤት ለሚሠሩት የአገራችን ሴቶች እንደ ሆነ ለማንም መንገር አላስፈለገም።

ለአዲስ ገቢዎቻችን ግን በአጭሩ እንናገር። የሊባኖስ የሠራተኛ ሕግ በ1946 ሲወጣ በ7ኛው አንቀጽ የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ ውጭ አድርጓቸዋል። የሴቲቱ መኖሪያ ፈቃድ ከፋላ በተባለው ሥርዐት ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው፤ ከአሠሪዋ ቤት ብትወጣ ወይም ለሌላ ሰው ብትሠራ ሕገ ወጥ ትባላለች። በሴፕቴምበር 2020 ሠራተኛዋ ያለ አሠሪዋ ፈቃድ ኮንትራቷን እንድታቋርጥ የሚፈቅድ አዲስ የውል ፎርም ወጥቶ ነበር፤ በወሩ በኦክቶበር የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት አገደው። በዚያው ዓመት በጁን፥ የአገሩ ገንዘብ ሲወድቅ፥ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን በመኪና እያመጡ ከነሻንጣቸው በኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ጥለዋቸው ሄደዋል። ሴቶቹ በእግረኛ መንገድ ላይ ፍራሽ አንጥፈው አደሩ። ጓደኛችን ያንን በዐይኑ ካዩት አንዱ ነው፤ የትርኢቱ አሳብ የተጠነሰሰው ያኔ ነው ይላል።

እንግዲህ ሒሳቡን እንመልከት። 24 ሰዓት 1,440 ደቂቃ ነው፤ ለ365 ቢካፈል ለአንድ ሸሚዝ አራት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ጓደኛችን ደግሞ በሕይወቱ ስንት ሸሚዝ ተኩሶ ያውቃል? ይህን የጠየቀው የለም። ብንጠይቅ ኖሮ መልሱ የእኛም መልስ ይሆን ነበር። በሀገር ቤት አብዛኞቻችን የተተኮሰ ሸሚዝ የለበስነው ሠራተኛዋ እየተኮሰችልን ነው፤ ማታ ማታ ወጥ ቤት ጥግ ፍራሿን አንጥፋ የምትተኛ፥ ስሟን እንጂ የአባቷን ስም የማናውቀው፥ ከገጠር የመጣች ልጅ። በስብሰባዎቻችን ስለ ከፋላ ብዙ ጊዜ ተናግረናል፤ ስለዚህች ልጅ የተናገርንበትን ቃለ ጉባኤ ፈልገን አላገኘንም።

ሸሚዝ መሰብሰቡ ሦስት ሳምንት ፈጀ። 290 በልመና ተገኘ፤ 75ቱን ከእሑድ ገበያ ልባሽ ተራ ገዛን። አዳራሹ ከግቢያችን የአሥር ደቂቃ መንገድ ያለ፥ ቀድሞ ማተሚያ ቤት የነበረ ምድር ቤት ነው። ለኪራዩ የወጣው ለእንቁጣጣሽ በዓል ያስቀመጥነው ገንዘብ ነበር። ገንዘብ ያዡ «ዘንድሮ ዶሮ የለም» ብሎ ፈረመ።

ቅዳሜ በ6 ሰዓት አርባ ያህል ሰው መጣ። የመጀመሪያው ሰዓት ውብ ነበር፤ ይህን ዛሬም አንክድም። ድምፅ የለም፤ የካውያው እንፋሎት፥ የእርጥብ ጨርቅ ሽታ፥ የእርሱ ትንፋሽ ብቻ። እንዲህ ያለ ተራ ነገር ትኩር ብለን አይተን እንደማናውቅ ተሰማን። ደወሉ ሲደወል የተሰቀለው ሸሚዝ ግን 11 ነበር፤ መሆን የነበረበት 15 ነው።

በ8 ሰዓት የመንግሥት መብራት ጠፋ፤ የሕንፃው ጄነሬተር ተነሣ፤ ብሬከሩም ወዲያው ወደቀ። ቤሩት የኖረ ሁሉ ምክንያቱን ያውቃል። አዳራሹ ያለው የጄነሬተር ኮንትራት፥ እዚህ ኢሽቲራክ የሚሉት፥ አምስት አምፔር ነው፤ በ220 ቮልት 1,100 ዋት መሆኑ ነው። ካውያው 2,000 ዋት ይፈልጋል። ከመካከላችን ሦስቱ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማሪዎች መሆናቸውን እዚህ ላይ እንመዘግባለን። አንዱም ቀደም ብሎ አላሰላትም።

በጎረቤት ያለ ፀጉር አስተካካይ ደግ ሰው ኖሮ አሥር አምፔር ካለው መስመሩ ገመድ ቀጠልን። እርሱ ፀጉር ማድረቂያውን በከፈተ ቁጥር ግን ካውያው ይጠፋ ነበር፤ ቅዳሜ ደግሞ የሙሽሮች ቀን ነው። ምሽት 3 ሰዓት ላይ ሱቁን ዘጋ። ከዚያ በኋላ እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ድረስ መብራት አልመጣም። በሻማ ብርሃን ቆመን ምን ይሻላል ብንለው፥ እንዳይናገር ስለ ማለ፥ ቀዝቃዛውን ካውያ አንሥቶ ሸሚዙ ላይ ማስኬድ ጀመረ።

ከእኛ አንዱ በሹክሹክታ «እንዲያውም ይህ ይሻላል፤ ምልክት ይሆናል» አለ። ሌሎቻችንም ራሳችንን ነቀነቅን። እንደዚያች ሌሊት ራሳችንን የነቀነቅንበት ጊዜ የለም። በቀዝቃዛ ካውያ የታሸ ሸሚዝ ግን አይተኮስም፤ መጨማደዱ ቦታ ይለውጣል እንጂ። ጓደኛችን ያንን እያየ፥ ቁጥር እየለጠፈ ይሰቅል ነበር። ምን ያስብ እንደነበር በኋላ ስንጠይቀው «ማቆም የነበረብኝ ያኔ ነው፤ እናንተን አፍሬ ቀጠልሁ» አለን።

ዘቡ ሁለት ሁለት እየሆነ በተራ ሊቆም ነበር የተደለደለው። ከ7 ሰዓት ሌሊት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያሉት ስድስቱ ደወሎች አልተደወሉም። ተኝተን ነበር። ስንነቃ ጓደኛችን ከመተኮሻው ጠረጴዛ ሥር በሸሚዝ ክምር ላይ ተቀምጦ ግድግዳውን ይመለከታል፤ ይተኛ ይቀመጥ አናውቅም። ከዚህ የከፋው የሚከተለው ነው። ከመካከላችን አንዱ፥ ሰው ከመምጣቱ በፊት፥ በመዝገቡ ላይ ያልተደወሉትን ስድስት ደወሎች እንደ ተደወሉ አድርጎ ሞላቸው። የቀረነው አይተናል፥ ዝም ብለናል። ስለ ሽዬ 133 የሳቱ ሰዓቶች ስንት እራት እንደ ሰማን አንባቢ ያስታውስ።

እሑድ ጠዋት መብራት መጣ፤ ሰውም መጣ። መምህራን፥ የሌሎች አገሮች ተማሪዎች፥ ጋዜጣ ላይ የሚጽፉ ሁለት ሰዎች። ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ የጠራናቸው ሴቶች፥ ሃያ ያህል፥ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ገቡ። ድፎ ዳቦና በፔርሙዝ ቡና ይዘው ነበር። ስንጠራቸው «ለእናንተ ክብር የተዘጋጀ ትርኢት ነው» ብለናቸው ነበር፤ እነርሱም ትርኢት ያሉት ዘፈንና ጭፈራ መስሏቸው ልጆቹ ደክመዋል ብለው ምግቡን አስበዋል። ከፊት ወንበር አስቀመጥናቸው። ከኋላ ያለው ሰው አንድ ጊዜ ትርኢቱን፥ አንድ ጊዜ እነርሱን ያያል። ይህን ያኔ አስተውለን ደስ ብሎን ነበር።

ጓደኛችን እጁ ይንቀጠቀጣል። ኮሌታውን ከመሐል ጀምሮ ወደ ጫፍ ሲገፋው ጨርቁ እየተሰበሰበ ጫፉ ላይ ይጨማደዳል፤ ይደግመዋል፤ ይብሳል። ሴቶቹ መጀመሪያ ዝም አሉ፥ ቀጥሎ ተያዩ፥ ቀጥሎ አንዷ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጡት፥ እዚህ አገር 17 ዓመት የኖሩት፥ እትዬ የምንላቸው ሴት ግን አልሳቁም። ዐይናቸውን ካውያው ላይ እንደ ተከሉ፥ «ከጫፍ ወደ መሐል ነው፥ የኔ ልጅ፤ መጀመሪያ በውስጥ በኩል» አሉ። እርሱ መልስ መስጠት አይችልም። ጨርቁ ማጨስ ጀመረ። ያን ጊዜ ተነሡና፥ «ስጠኝማ፤ ልታቃጥለው ነው» ብለው ካውያውን ከእጁ ወሰዱ።

በጣታቸው ውሃ ረጨት አደረጉ። ኮሌታውን፥ ትከሻውን፥ የእጅጌውን አንባር፥ እጅጌውን፥ በመጨረሻ ደረቱን፤ በአዝራሮቹ መካከል የካውያው አፍ እንደ ዓሣ ይሽሎከለካል። ሦስት ደቂቃ አልሞላም። አንሥተው ሲያራግፉት ሸሚዙ ከሱቅ የወጣ መሰለ። ያለማጋነን፥ በዚያ አዳራሽ በ24 ሰዓት ውስጥ የተሠራ ሙሉ ሥራ እርሱ ብቻ ነበር።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ከኋላ ያሉት ተነሥተው አጨበጨቡ፤ ስልኮች ወደ ላይ ተነሡ። አስቀድሞ የተዘጋጀ የትርኢቱ ክፍል መስሏቸዋል። እኛም አጨበጨብን፤ ትርኢቱ የዳነ መስሎን።

እትዬ ቀና ብለው ሰውን ሁሉ አዩ። ካውያውን ቀስ ብለው አቆሙት። «ምን ሆናችሁ ነው የምታጨበጭቡት?» አሉ። ቀጥለውም፥ ለጓደኛችን ይሁን ለእኛ፥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፥ «ዛሬ እኮ እሑድ ነው» አሉ። ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። ሴቶቹ አንድ በአንድ ተከተሏቸው። ዳቦው ሳይቆረስ፥ ፔርሙዙ ሳይከፈት ቀረ። ጓደኛችን የካውያውን ገመድ ነቀለ። ከ5 ሰዓት ጥቂት አልፎ ነበር።

የሸሚዙ ቆጠራ እንዲህ ነው፤ ትኩስ ካውያ የነካቸው 88፥ ከእነዚህ አንዱ የእትዬ ነው፤ በቀዝቃዛ የታሹ 61፤ ያልተነኩ 216።

በሳምንቱ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ አደረግን። ጥፋቱን በመብራቱ ላይ የጣሉ ነበሩ። አንድ መምህር ደግሞ፥ ትርኢቱ የተሳካው በመሰናከሉ ነው የሚል ደግ ደብዳቤ ልከው ስለ ነበር ተነበበ። በምሳሌም በ1988 ማሪና አብራሞቪችና ኡላይ የተባሉት ጥንዶች የቻይናን ታላቅ ግንብ ከሁለት ጫፍ ተነሥተው ሦስት ወር ያህል ተጉዘው መገናኘታቸውን ጠቅሰዋል። ጉዞው በመጀመሪያ ሲታሰብ መጋቢያቸው እንዲሆን ነበር፤ ሲገናኙ ግን ተሰነባብተው ተለያዩ። ሥራው ዛሬም ይወሳል። ጓደኛችን ይህን ሲሰማ የተቆጣውን ያህል ተቆጥቶ አያውቅም። «እነርሱ የተለያዩት ከገዛ ራሳቸው ነው» አለ፤ «እኔ የሰው እሑድ ነው የወሰድሁት።» በዚህ ላይ የሚመልስ አልነበረም። ቀጥሎ የመዝገቡ ነገር ተነሣ፤ ሞላሁት ያለው አባል ቆሞ ተናገረ፤ ስድስቱ ደወሎች በቀይ ቀለም ተሰረዙ። ወረቀቱ በማኅበሩ ፋይል ውስጥ አለ፤ ማየት የፈለገ ያያል።

በሦስተኛው እሑድ ፔርሙዙን ለመመለስ ወደ ዶራ ሄድን። እትዬ ከጓደኞቻቸው ጋር በአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ተቀምጠው አገኘናቸው። ይቅርታ ለመጠየቅ የተዘጋጀ ንግግር ነበረን፤ ግማሽ ሳይደርስ «ተዉት፥ ተቀመጡ፤ ምሳ በልታችኋል?» ብለው አቋረጡን። ጓደኛችንን ከጎናቸው አስቀምጠው አጎረሱት። በኋላ ግን ሌላ ነገር አነሡ። ያን ዕለት ስልክ ያነሡት ሰዎች የቀረጹትን ምን አደረጉት ብለው ጠየቁ። የማዳማቸው ልጅ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ነው። «ማዳም ቤተ ክርስቲያን ነው የሄደችው ብላ ነው የምታውቀኝ። ሌላ ቦታ ስተኩስ ብታየኝ፥ ውጭ ትሠራለች ነው የምትለው። ለትርኢት ነው ብዬ ላስረዳት ነው? ኢቃማዬ ሦስት ወር ነው የቀረው» አሉን። ይህን ሲሉ ልማደኛው ፈገግታቸው አልተለየም፤ እጃቸው ግን የፔርሙዙን ክዳን ይከፍታል፥ ይዘጋል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሠራነው ይህንን ነው። በእንግዳ መዝገቡ ላይ የፈረሙትን ሁሉ አንድ በአንድ አነጋገርን። አሥራ አንድ ሰዎች ቀርጸው ነበር፤ ዘጠኙ በፊታችን አጠፉ፤ አንዷ ተማሪ ለጥናቷ እንደምትፈልገው ነግራን ነበር፥ ነገሩን ስናስረዳት እርሷም አጠፋች። አሥራ አንደኛውን አላገኘነውም። ከኋላ በኩል በበሩ አጠገብ ቆሞ የነበረ፥ ግራጫ ኮት የለበሰ፥ በመዝገቡ ላይ ያልፈረመ ሰው ነው። ከአባሎቻችን ወይም ከአንባቢዎቻችን የሚያውቀው ካለ ለማኅበሩ ጸሐፊ በቶሎ ያስታውቅልን። ሸሚዞቹ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በአራት ጆንያ ታስረው ይገኛሉ፤ የሰጠ ሰው መጥቶ የራሱን ለይቶ ሊወስድ ይችላል።